ጠብታ የማያመልጠው እጅ

የሞተር ዘይት ማጠራቀሚያ ከስስ ላሜራ የተሠራ ጎድጓዳ ነገር ነው፤ ከብሎኩ ሥር ዙሪያውን በትንንሽ ቡሎኖች ይታሰራል። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው «ከእንግዲህ ዘይት አይጥልም» ብሎ እነዚያን ቡሎኖች ከልክ በላይ አጥብቋቸዋል። ላሜራው በየቀዳዳው ዙሪያ ወደ ብሎኩ ጎብጧል፤ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ጠርዝ ደግሞ ወደ ኋላ ቀርቷል። ዘይቱ መውጫ ያገኘው በዚያ በቀረው በኩል ነው። ጠርዙን ያበላሸው ያለቦታው የዋለ ጉልበት ነው።

ይህን ጠርዝ ቦንጋ ውስጥ ሲያቃኑ ያየኋቸው መካኒክ አይቸኩሉም። ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ከጠርዙ ሥር ያስደግፋሉ፤ በትንሽ መዶሻ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ጉብታ ዙሪያውን እየዞሩ ይመልሱታል። ምቱ ቀላል ነው፤ በኃይል ከተመታ ላሜራው ይሳሳል፣ ይለጠጣል፣ ከበፊቱም የባሰ ይወላገዳል። አንዱን ጎን ሲጨርሱ የብረት ማስመሪያ በስለቱ አቁመው ጠርዙ ላይ ያስተኙና ወደ በሩ ብርሃን ያዞሩታል። በማስመሪያውና በላሜራው መካከል ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ካለ ጣታቸውን ያሳርፉበታል፤ መዶሻው ወደዚያ ይመለሳል። የሞተር እድሳት ሲነሳ ሰው የሚያወራው ስለ ፒስተኑና ስለ ቴስታታው ነው። የዚህን ጠርዝ ነገር የሚያነሳ አልሰማሁም። እኔ ግን የአንድን መካኒክ እጅ መመዘን ካለብኝ የምጀምረው ከዚህ ነው።

ሞተሩ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሲሠራው የኖረው 1ኤችዜድ ነው፤ 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ናፍጣ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም የእርዳታ ድርጅቱም ላንድክሩዘር በአብዛኛው ይህን ሞተር ይዞ ነው የአገራችንን መንገድ የበላው። ወደ ጋራዡ የመጣው ጉልበት አጥቶና እያጨሰ እንጂ ዘይት ስለጣለ ብቻ አልነበረም። ሆኖም ሲወርድ ታችኛው ገላው በሙሉ በጥቁር ዝቃጭ ተለብጦ ነበር፤ ዘይት፣ ጭቃና አቧራ ለዓመታት ተደራርበው የሠሩት ቅርፊት።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የጎጀብን ወንዝ ተሻግረው ወደ ካፋ ከገቡ በኋላ ዝናብ የሚያቆምበት ወር ጥቂት ነው፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል። ከቦንጋ ወደ ጭሪ ወይም ወደ ጌሻ የሚወጣ መኪና በክረምት ከሥሩ ጭቃ ይለብሳል፤ ጭቃው የዘይቱን ምልክት ይሸፍነዋል። ሹፌሩ መለኪያ ዘንጉን አውጥቶ ካላየ በስተቀር ዘይቱ መጉደሉን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የዳሽቦርዱ መብራት የሚበራው ግፊቱ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ለኮሎውና ለሚያርፍባቸው ኩሽኔታዎች ረፍዷል። ዕቃም ቅርብ አይደለም። አንድ ኦይልሲል ጅማ ካልተገኘ የሚፈለገው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ካፋ የጫካ ቡናዋን ደን ይዛ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆና ተመዝግባለች። በዚያ አገር መኪና የሚቆምበት መሬት ሁሉ ወደ አንድ ምንጭ ወይም ጅረት ያዘነብላል። ከሞተር ሥር የሚንጠባጠበውም ዘይት ዝናብ በመጣ ቁጥር መንገዱ ወደዚያው ነው።

መካኒኩ ስለ ጓርኒሲዮን ከማውራታቸው በፊት ስለ ግፊት ያወራሉ። ሞተር ውስጥ ነዳጅ ሲቃጠል ከፒስተኑ ፋሻ አጠገብ ሾልኮ ወደ ታች የሚወርድ ጋዝ ሁልጊዜም አለ። ጤነኛ ሞተር ይህን ጋዝ በመተንፈሻ ቱቦው ያስወጣዋል። ፋሻው ካለቀ ወይም ቱቦው በዝቃጭ ከተደፈነ ግን ጋዙ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይታመቅና ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ይገፋዋል። አዲስ ኦይልሲል ቢገባም በሳምንቱ ያልባል። ባለመኪናው ይናደዳል፣ የገጠመው ሰው ኦይልሲሉን «ቻይና ነው» ይላል፤ ጥፋቱ ግን ኦይልሲሉ ላይ አልነበረም። ስለዚህ ዘይት እንዳይወጣ የመከልከሉ ሥራ የሚጀመረው ከውስጥ ነው፦ ከሲሊንደሩ ግድግዳ፣ አዲሱ ፋሻ እንዲይዝ ግድግዳው ላይ ከሚወጣው ተሻጋሪ ጭረት፣ በናፍጣ ታጥቦ በነፋስ ከተጠረገው መተንፈሻ ቱቦ። ሞተሩ ከመውረዱ በፊትም ይህንኑ አይተዋል። ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈቱና መዳፋቸውን አስጠጉ፤ ከዚያ የሚወጣው ትንፋሽ ስለ ፋሻው ብዙ ነገር ነገራቸው።

ከዚያ ጽዳት ነው። ከጠቅላላው ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እሱ ነው፤ ባለመኪና ሊከፍልበት የማይወደውም እሱ ነው። የድሮው ጓርኒሲዮን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ይጋገራል። በካቻቪቴ ወይም በመሮ ቢፈነቀል ቶሎ ይነሳል፤ ግን የካቻቪቴው ጫፍ አሉሚኒየም ላይ የሚተወው ጭረት ለዘይት የተቆፈረ ቦይ ይሆናል፤ ጭረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ከተሻገረ ምንም ጓርኒሲዮን አይደፍነውም። እሳቸው አሉሚኒየም ላይ የሚጠቀሙት በጫፉ የተሳለ ጠንካራ እንጨት ነው። ብረቱ ላይ ደግሞ ምላጭ ይይዛሉ፤ ምላጩን አስተኝተው ይገፉታል እንጂ አያቆሙትም። በድሪል ላይ የሚገጠም የመፈግፈጊያ ዲስክ ጋራዡ ውስጥ አለ፤ ሞተር ላይ ሲያሳርፉት ግን አላየሁም። ዲስኩ የሚያራግፈው ደቃቅ ብናኝ ወደ ዘይቱ መንገድ ከገባ ኩሽኔታዎቹን በልቶ ይጨርሳቸዋል። ይህን ለረዳታቸው ሲነግሩት ድምፃቸው ጠንከር ብሎ ነበር።

የቡሎን ቀዳዳዎችም ሞተሩ ውስጥ እንዳለ ክፍል ሁሉ ይጸዳሉ። አንዳንዶቹ ቀዳዳዎች መጨረሻቸው የተዘጋ ነው፤ ሥራቸው ላይ ዘይት ወይም የእጥበት ውሃ ከቀረ፣ ቡሎኑ ሲወርድ ፈሳሹን ይጨምቀዋል፣ ፈሳሽ ደግሞ አይጨመቅም። ቶርክ ሬንቹ «ጠብቋል» ይላል፤ እውነቱ ግን ቡሎኑ ያረፈው ፈሳሹ ላይ ነው፤ ክዳኑ አልታሰረም። ሲብስም ብሎኩ ይሰነጠቃል። ሌሎቹ ቀዳዳዎች ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቀው ዘይት ያለበት ክፍል ይገባሉ፤ ከእነዚህ የሚወጣው ዘይት በቡሎኑ ጥርስ እየተጠማዘዘ ውጭ ብቅ ይላል። እነዚህን ለይቶ ማወቅ፣ ጥርሳቸውንም በማሸጊያ መቀባት የሞተሩን ሆድ ማወቅ ይጠይቃል። ረዳቱ ቀጭን ሽቦ እየሰደደ የትኛው ቀዳዳ የተዘጋ፣ የትኛው የዘለቀ መሆኑን ያጣራል። ስለ አንዱ ተጠራጠረና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ያልፋል ወይስ አያልፍም?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«ያልፋል መሰለኝ።»

«መሰለኝን ተወውና ድገመው።»

ደገመው። ያልፋል።

የቴስታታው ፊት ጠፍጣፋ መሆኑ በማስመሪያና በስስ የብረት ቅጠሎች ይለካል። ርዝመቱ በሁለቱም ጠርዝ፣ ስፋቱ በሁለቱም ጫፍ፣ ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም ሰያፍ ይታያል። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው መጉበጥ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል መሆኑ ነው። ከዚያ ካለፈ ወደ ሪቲፊካ መሄድ ነው እንጂ በጋራዥ የሚድን ነገር አይደለም።

ለሁለት ትንንሽ ክዳኖች ጓርኒሲዮኑ አልተገኘም። ከወረቀት ሊቆርጡት ተቀመጡ። ይህን ሥራ ከማየት የበለጠ ደስ ያለኝ ነገር ጋራዡ ውስጥ አልነበረም። የጓርኒሲዮን ወረቀቱን አንዱ ክዳን ላይ ያነጥፉታል። መጀመሪያ አንዱን የቡሎን ቀዳዳ በመዶሻው ክብ ፊት መታ መታ ያደርጉታል፤ የቀዳዳው ጠርዝ ራሱ ወረቀቱን ይቆርጠዋል፤ ትንሽ ክብ ወረቀት ወደ ውስጥ ትወድቃለች። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ቡሎን ይሰድዳሉ። ቀጥሎ በሰያፍ ያለውን ቀዳዳ ይከፍታሉ፤ እሱም ውስጥ ቡሎን ይገባል። አሁን ወረቀቱ አይንቀሳቀስም። ከዚያ መዶሻው በጠርዙ ላይ መሄድ ይጀምራል፤ ምት ከምት ይጠጋጋል፣ አንዱ ምት ከሌላው አይከብድም። ወረቀቱ በጠርዙ ልክ እየተበጠሰ ይሄዳል። ሲጨርሱ በእጃቸው ያለው ጓርኒሲዮን ከፋብሪካ የመጣ ይመስላል። ሁለተኛውን ክዳን ግን በመዶሻ አልነኩትም፤ አሉሚኒየም ነው፣ ጠርዙ በመዶሻ ይሞታል። ጣታቸውን ያገለገለ ዘይት ነክረው ከወረቀቱ በላይ በጠርዙ ዙሪያ ጫን ጫን እያደረጉ አሻሹት። የክዳኑ ቅርጽ ወረቀቱ ላይ ታተመ። ያንን በመቀስ ቆረጡት። ሁለት ክዳን፣ ሁለት ብረት፣ ሁለት ዘዴ። ልዩነቱን ማንም አልጠየቃቸውም፤ እጃቸው ነው የመረጠው።

ስለ ሲሊኮን የማምንበትን በግልጽ ልናገር። ዙሪያውን ሲሊኮን ተርፎ የወጣበት ሞተር ሳይ በሠራተኛው ላይ ያለኝ እምነት ይቀንሳል። ወደ ውጭ ተርፎ የወጣውን ያህል ወደ ውስጥም ተርፏል፤ የውስጡ ሲደርቅ ተበጥሶ ዘይት ውስጥ ይወድቃል፣ ዘይት ፓምፑ ወደሚስብበት ወንፊት ሄዶ ይለጠፋል። ዘይት እንዳይወጣ ብሎ ዘይት እንዳይሄድ ማድረግ ማለት ነው። አምራቹ ሲሊኮን ያዘዘባቸው ቦታዎች በእርግጥ አሉ፤ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች የሚገናኙበት ማዕዘን፣ ጓርኒሲዮኑ ከጠፍጣፋ ወደ ቅስት የሚታጠፍበት ጥግ። ሲሊኮን የሚረዳው እዚያ ላይ ነው፤ የሚበቃውም ጥቂት ነው። ጠርዙ ያልቃናን ላሜራ ግን ሲሊኮን አያድነውም።

የቦንጋ አየር እዚህ ላይ የራሱ ሚና አለው። እነዚህ የሞተር ሲሊኮኖች የሚደርቁት አየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኙ ነው። እርጥበት በበዛበት አገር ፊቱ ቶሎ ቆዳ ያበጃል፤ ቆዳ ካበጀ በኋላ የተገጠመ ክዳን ደግሞ ከሲሊኮኑ ጋር አይዋሃድም፣ ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ። ስለዚህ እሳቸው ሲሊኮኑን ከመክፈታቸው በፊት ሁሉንም ነገር ያዘጋጃሉ። ቡሎኖቹ ተቆጥረው በጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። ሁለቱ ፊቶች ቅባት እንዳይቀርባቸው በንጹሕ ቤንዚን ተጠርገዋል፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ከብሎኩ ቀዳዳዎች መካከል ሁለቱ ላይ ራሳቸው የተቆረጠ ረጃጅም ቡሎኖች ቆመዋል፤ ማጠራቀሚያው በእነሱ ላይ ተንሸራቶ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ፣ ወዲያና ወዲህ ተጎትቶ ሲሊኮኑን እንዳያጠፋው። ከዚያ ሲሊኮኑ ይፈሳል፦ 3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው አንድ ያልተቋረጠ መስመር፣ በየቀዳዳው ዘንድ ወደ ውስጠኛው ጎን የሚታጠፍ፣ መነሻውና መድረሻው የተደራረቡ። እጃቸው መሃል ላይ አልቆመም። ማጠራቀሚያው ወጣ፣ ቡሎኖቹ በጣት ገቡ፣ በቁልፍ ጠበቁ። ጠቅላላው በጥቂት ደቂቃ አለቀ፤ ዝግጅቱ ግን ግማሹን ጠዋት ፈጅቷል።

ኦይልሲሎቹ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳሉ፤ ምክንያቱም የሚያሽጉት የሚሽከረከር ነገር ነው። የጎማ ከንፈር ኮሎው ላይ በትንሽ ሞላ ታቅፎ ይቀመጣል፤ በከንፈሩና በብረቱ መካከል እጅግ ስስ የዘይት ሽፋን አለ፤ ያ ሽፋን ከሌለ ከንፈሩ ይቃጠላል፣ ሽፋኑ ከወፈረ ዘይቱ ይወጣል። ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ የቆየ ከንፈር ብረቱን እንኳ ቦርቡሮ ቀለበት ይሠራበታል። መካኒኩ ይህን ቀለበት በዓይን አይፈልጉትም፤ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በኮሎው ርዝመት ይጎትቱታል። ጥፍሩ ከተያዘ ቀለበት አለ ማለት ነው። አዲሱ ኦይልሲል ያው ቦታ ላይ ከተቀመጠ ያረጀ ቦይ ውስጥ ተኛ፤ ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ፈቀቅ አድርገው ያስገቡታል፤ ከንፈሩ ባልተበላ ብረት ላይ እንዲሄድ።

ያንን ብረት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሱት እጃቸው ዙሪያውን ብቻ ነው የሚሄደው። ረዳቱ ወረቀቱን በርዝመቱ ሊጎትት ሲል እጁን ያዙት። በርዝመትም ሆነ በጥምዝ የተተወ ጭረት ኮሎው በዞረ ቁጥር ዘይቱን እየገፋ ያወጣዋል፤ ዓይን የማያየው ፓምፕ ይሆናል። ዙሪያውን የሄደ ጭረት ግን ዘይቱን የትም አይወስደውም። ይህን ያህል ቀጭን ነገር የሚያስብ እጅ፣ ከጣቱ እስከ ክርኑ በጥቁር ዘይት ተለውሶ ሳየው፣ ክብር ተሰማኝ።

አገባቡም ሥርዓት አለው። ክፍቱና ሞላ ያለበት ጎን ወደ ዘይቱ ይዞራል። ከንፈሩ ንጹሕ ዘይት ይቀባል፣ ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሳ በደረቁ እንዳይሄድ። የኮሎው ጫፍ ላይ ለፑሊው ቁልፍ የተቆረጠው ቦይ ጠርዙ ምላጭ ነው፤ ከንፈሩ በዚያ ላይ ሲያልፍ እንዳይቆረጥ ስስ ፕላስቲክ ይጠቀለልበታል። ማስገቢያው በኦይልሲሉ ልክ የተቆረጠ የቧንቧ ቁራጭ ነው፤ ምቱ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ ይፈራረቃል። ከገባም በኋላ ጥልቀቱ በአራት ቦታ ይለካል። አንዱ ጎን ከጠለቀ ኦይልሲሉ ዘሟል፤ የዘመመ ከንፈር ባንድ ወገን ይጫናል፣ ባንድ ወገን ይላላል።

በ1ኤችዜድ ላይ ከፊተኞቹ ኦይልሲሎች አንዳንዶቹ ከበድ ያለ ነገር ይጠብቃሉ፤ ከፊታቸው ካምሻፍቱን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ አለ። ዘይት የነካው ቀበቶ ይለሰልሳል፣ ያብጣል፣ ሳይታሰብ ይበጠሳል፤ ሲበጠስ ቫልቮላው ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል። የኋላው ኦይልሲል ደግሞ ከቮላኖው ጀርባ ተደብቆ ይኖራል። እሱ ካለቀሰ ዘይቱ ፍሪሲዮኑን ያርሰዋል፤ ለመቀየርም ካምቢዮውን ማውረድ ግድ ነው። የአንድ ቀለበት ጎማ ዋጋ ትንሽ ነው፤ እሷን ለመድረስ የሚከፈለው ድካም ግን መኪናውን ግማሽ ያህል መፍታት ነው። ለዚህም ነው መካኒኩ የኋላውን ኦይልሲል ካስገቡ በኋላ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ መብራት ይዘው፣ ለረጅም ጊዜ ያዩት።

ክዳኖቹ ሲታሰሩ ሥራው ከመሃል ይጀምርና ወደ ጫፎቹ ይሄዳል፣ በአንድ ጊዜም አይጠብቅም፤ ሁሉም ቡሎን ትንሽ ይጠብቃል፣ ከዚያ እንደገና ዙር። ከቴስታታው በላይ ያለውን ክዳን የሚይዙት ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎኖች የሚፈልጉት ከ10 ኒውተን ሜትር የማይበልጥ ነው። ይህ የእጅ አንጓ ጉልበት ነው። እሳቸው ቁልፉን ከአንገቱ ተጠግተው ይይዙታል፣ ጉልበት ቢመጣ እንኳ ክንዱ እንዳይረዝም። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ላይ ያለችው የመዳብ ሮንዴላ አዲስ አልነበረችም። አሮጌዋን በእሳት አቅልተው ውሃ ውስጥ ጣሏት። መዳብ ከብረት በተቃራኒ እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳል፤ ለስልሶም እንደገና ቦታውን ይዞ ይታተማል።

እንዲህ ያለ እጅ የሚገባውን ክብርና ክፍያ ሳስብ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ ያመጣው ሲድሊ። በዚያው በ1900 ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሙያው እየጠሩ መስደብ እንዲቀር አውጀዋል። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው በብዙ ቦታ የተናቀበት ዘመን ነበር። አዋጁና መኪናው በአንድ ዓመት መግጠማቸው ያስገርመኛል፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም የጽዳት ሰዓት ሒሳብ ውስጥ ሲገባ «ለማጠብ ነው ይሄን ያህል?» የሚል ባለመኪና አይጠፋም። ለዕቃው የሚከፍለውን ያህል ለፀዳው ፊት፣ ለቃናው ጠርዝ፣ ለጥፍሩ ምርመራ መክፈል አለበት። ዕቃውማ ሶማሌ ተራ ይሸጣል።

ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ከላይ እስከ ታች ታጥቦ ደረቀ። ይህ ለውበት አይደለም፤ ዘይት ከላይ ወጥቶ ወደ ታች ይወርዳል፣ ማራገቢያውም ወደ ኋላ ይነፋዋል፤ ንጹሕ ሞተር ላይ ግን ከሁሉ በላይና ከሁሉ ወደ ፊት ያለው እርጥበት ምንጩን ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ እስኪሞቅ ድረስ ሠራ። መዳፋቸውን ወደ መሙያው አፍ አስጠጉ፤ ትንፋሹ ቀሏል። ከዚያ መብራቱን ይዘው ዙሪያውን ዞሩ። ኦይልሲሎቹ ደረቅ ናቸው። ማጠራቀሚያው ደረቅ ነው። ከብሎኩ ጎን የዘይት ግፊት መለኪያው የገባበት ቦታ ላይ ግን ጣታቸው እርጥብ ሆኖ ተመለሰ።

ረዳቱ ነጩን የቧንቧ ፕላስተር ይዞ መጣ። መካኒኩ አልተቀበሉትም። መለኪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራው በጥርሱ በኩል ከብሎኩ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ፕላስተር ከተጠቀለለበት ግንኙነቱ ሊቋረጥ፣ ዳሽቦርዱም ሊዋሽ ይችላል። ሞተሩን አጠፉ፣ መለኪያውን ፈቱ፣ ጥርሱን በቤንዚን አጠቡ፣ በነፋስ አደረቁ። ማሸጊያውን ከመሃል ጥርሶቹ ላይ ብቻ ቀቡ፤ የፊተኞቹ ሁለት ጥርሶች ባዶ ቀሩ፣ ቁራጭ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። መልሰው አጠበቁትና ሞተሩን እንደገና አስነሱ።